የናይሮቢ ጋራዦች ቆርጠው የሚያወጡትን የጭስ ማጽጃ የሠራው ዩጂን ሁድሪ ማን ነበር?

በናይሮቢ እምብርት፣ ቀድሞ ግሮጋን ይባል በነበረው የኪሪንያጋ ጎዳና፣ የመዶሻና የብየዳ ድምፅ ከማለዳ እስከ ምሽት አይቋረጥም። በጎዳናው ግራና ቀኝ የመኪና መለዋወጫ ሱቆችና ጋራዦች ተደርድረዋል። ከጃፓን ተገዝተው በሞምባሳ ወደብ የገቡ ያገለገሉ መኪኖች እዚህ ይጠገናሉ፣ ይታደሳሉ። አንዳንዶቹ ግን ወደ ጋራዥ የሚመጡት ተበላሽተው አይደለም። ባለቤቶቻቸው የሚሹት ተጨማሪ ጉልበትና ወፍራም ድምፅ ነው።

ለዚህ ፍላጎት የሚሰጠው የተለመደ መልስ አጭር ነው። መካኒኩ ከመኪናው ሥር ገብቶ፣ በጭስ ማውጫው ቱቦ መካከል የተገጠመውን የብረት ቋት ቆርጦ ያወጣል፤ በቦታው ቀጥ ያለ ቱቦ ይበይዳል። ቋቱ ሜዳ ላይ አይጣልም። በውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተባሉ ውድ ማዕድናት ስላሉ ገዢ አያጣም። ባለመኪናው በድምፁ፣ መካኒኩ በክፍያው ረክተው ይለያያሉ። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ያልጸዳ ጭስ የሚደርሰው ግን በውሉ ውስጥ ላልነበሩ ሰዎች ነው፤ ማታቱ ቆሞ ለሚጠብቀው ተሳፋሪ፣ በመንገድ ዳር ለምትነግደው ሴት፣ ከትምህርት ቤት በእግሩ ለሚመለሰው ሕፃን።

ይህ ቋት ካታሊቲክ ኮንቨርተር ይባላል። ለመኪና እንዲሆን አድርጎ በማበጀት ስሙ በቀዳሚነት የሚነሳው ፈረንሳይ ተወልዶ አሜሪካ የሞተው መሐንዲስ ዩጂን ሁድሪ ነው። ካረፈ ከ60 ዓመታት በላይ ሆኖታል። ሁድሪ ፍጥነትን የሚጠላ፣ ሞተርን የሚፈራ ሰው አልነበረም። የእሽቅድምድም መኪና የነበረውና ለቤንዚን ጉልበት በመጨመር ዝና ያገኘ ሰው ነበር። የሕይወት ታሪኩም ጉልበትና ንጹሕ ጭስ ባላንጣዎች ናቸው ለሚለው የጋራዥ እምነት ጥሩ መልስ ይዟል።

የብረት ነጋዴው ልጅ

ዩጂን ሁድሪ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ኤፕሪል 18 ቀን 1892 ከፓሪስ ወጣ ብላ በምትገኘው ዶሞን ተወለደ። አባቱ በብረታ ብረት ሥራ የበለጸገ ሰው ነበር። ልጁም የቤተሰቡን ሥራ እንዲረከብ ስለታሰበ በፓሪስ ሜካኒካል ምህንድስና ተማረ። በ1911 ሲመረቅ ከዕድሜ አቻዎቹ ሁሉ አንደኛ ወጥቶ ከመንግሥት የወርቅ ሜዳሊያ ተቀበለ። በትምህርት ቤት ሳለ እግር ኳስም ይጫወት ነበር፤ በአምበልነት የመራው ቡድን የፈረንሳይ ሻምፒዮን ለመሆን በቅቷል።

በአባቱ ድርጅት ሥራ እንደጀመረ ብዙም ሳይቆይ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ሁድሪ በመጀመሪያ በመድፈኛ፣ ቀጥሎም ገና አዲስ በነበረው የታንክ ክፍል ተሰለፈ። በ1917 ፈረንሳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ታንኮቿን ባሰለፈችበት የዡቫንኩር ውጊያ ላይ ክፉኛ ቆሰለ። በከባድ ተኩስ ሥር የተበላሹ ታንኮች እንዲጠገኑ ባደረገው አመራር የጦር መስቀልና የክብር ሌጌዎን ኒሻን ተሸልሟል።

ሰላም ሲወርድ ወደ ብረት ሥራው ቢመለስም ልቡ ያለው ሌላ ቦታ ነበር። ቡጋቲ የእሽቅድምድም መኪና ገዛ። በ1922 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በዲትሮይት የፎርድን ፋብሪካ ጎበኘ፤ ዝነኛውን የኢንዲያናፖሊስ 500 ውድድርም ተመለከተ። ትዳር የመሠረተውም በዚሁ ዓመት ነው፤ ኋላ ሁለት ወንዶች ልጆችን አፍርቷል።

በሞተር ያበደው ወጣት ከእሽቅድምድሙ ዓለም ይዞ የተመለሰው ቁም ነገር ግን ስለ ሞተር አልነበረም። ሞተሮች ከዓመት ዓመት እየተሻሻሉ ሳለ የሚጠጡት ቤንዚን ባለበት መቆሙን አስተዋለ። የዚያ ዘመን ቤንዚን ግፊት ሲበዛበት ጊዜው ሳይደርስ በራሱ ይቀጣጠልና ሞተሩን ያንኳኳው ነበር። የተሻለ ጉልበት ለማግኘት የተሻለ ነዳጅ ያስፈልጋል። ሁድሪ ቀሪ ዘመኑን የሰጠው ከዚህ ሐሳብ ለተወለደው ሥራ ነው።

አስታርቆ እንደሚመለስ ሽማግሌ

ፈረንሳይ በራሷ ምድር የሚበቃት ነዳጅ አልነበራትም። ስለዚህ በ1922 ሁድሪ ከአንድ የኒስ ከተማ ኬሚስት ጋር ሆኖ ሊግናይት ከተባለ ዝቅተኛ ደረጃ ያለው የድንጋይ ከሰል ቤንዚን ለማውጣት መሥራት ጀመረ። በፓሪስ አቅራቢያ ቤተ ሙከራ ከፈተ፤ የቤተሰቡንም ገንዘብ አፈሰሰበት። በ1929 በቀን 60 ቶን ሊግናይት የሚያቀነባብር የሙከራ ፋብሪካ ሥራ ቢጀምርም ወጪው ከገቢው በለጠ፤ መንግሥትም ድጋፉን አቆመ።

ድካሙ ግን መና አልቀረም። ከዚህ ሙከራ ያተረፈው ስለ ካታሊስት ያካበተውን ዕውቀት ነበር።

ካታሊስት ራሱ ሳይለወጥ ሌሎች ንጥረ ነገሮች በፍጥነት እንዲዋሐዱ ወይም እንዲለያዩ የሚያደርግ ነገር ነው። ሁለት የተጣሉ ወገኖችን አስታርቆ፣ ከማንም ምንም ሳይወስድ እንደመጣ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሽማግሌን ይመስላል። ሁድሪ በመቶዎች የሚቆጠሩ ንጥረ ነገሮችን ከሞከረ በኋላ ከሲሊካና ከአሉሚና የተሠራ ካታሊስት ከባዱን የድፍድፍ ነዳጅ ክፍል ሰባብሮ ጥሩ ቤንዚን እንደሚያወጣ አረጋገጠ።

ነገር ግን አንድ እንቅፋት ነበረ። ካታሊስቱ ጥቂት ደቂቃዎች እንደሠራ በከሰል ጥላሸት ይሸፈንና ሥራውን ያቆማል። ሌሎች በዚህ ምክንያት ተስፋ በቆረጡበት ቦታ ሁድሪ መፍትሔ አገኘ። ጥላሸቱን በአየር አቃጥሎ ካታሊስቱን ደጋግሞ ያድሰው ጀመር፤ ከቃጠሎው የሚገኘውንም ሙቀት ለፋብሪካው ሥራ አዋለው። ጥላሸትን አቃጥሎ የማጽዳት ዘዴው ከሃያ ዓመታት በኋላ በመኪና ጭስ ማውጫ ውስጥ በሌላ መልክ ይመለሳል።

በ1930 አንድ የአሜሪካ ነዳጅ ኩባንያ ወደ ኒው ጀርሲ ጋበዘው። ቤተሰቡን ይዞ ተሻገረ፤ በቀጣዩ ዓመትም በስሙ የሚጠራ ኩባንያ ተቋቋመ። ዓለም አቀፉ የኢኮኖሚ ድቀት ገንዘብ ሲያሳጣው በ1933 ሰን ኦይል የተባለው ኩባንያ አጋር ሆነው። በ1937 በፔንሲልቬኒያ ግዛት፣ በማርከስ ሁክ፣ በቀን 12,000 በርሜል የሚያቀነባብር ግዙፍ የሁድሪ ማጣሪያ ሥራ ጀመረ። ከምርቱ ግማሽ ያህሉ ከፍተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ነበር። በሙቀት ብቻ ይሠሩ የነበሩት የቀድሞዎቹ ማጣሪያዎች ይሰጡ የነበረው የዚህን ግማሽ ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ይህ ቤንዚን ለሕብረቱ ኃይሎች የጦር አውሮፕላኖች ወሳኝ ሆነ። ሁድሪ ራሱም ዳር ቆሞ አልተመለከተም። አገሩ በናዚ ጀርመን እጅ ስትወድቅ በአሜሪካ ሆኖ የጄኔራል ደ ጎልን እንቅስቃሴ የሚደግፍ ማኅበር መራ። ለናዚዎች ያደረው የቪሺ መንግሥትም በ1941 ፈረንሳዊ ዜግነቱን ገፈፈው። በ1942 አሜሪካዊ ዜጋ ሆነ።

ከነዳጁ ወደ ጭሱ

ከጦርነቱ በኋላ ሁድሪ ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ስሙ የተከበረ ሰው ነበር። በሀብቱና በዝናው ረክቶ ማረፍ ይችል ነበር። እርሱ ግን ፊቱን የሠራው ቤንዚን ከተቃጠለ በኋላ ወደሚሄድበት ቦታ አዞረ።

ወቅቱ የሎስ አንጀለስ ከተማ ዓይን በሚያቃጥል ጉም የምትታፈንበት ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ትውልደ ደች የሆነው ሳይንቲስት አሪ ሃገን-ስሚት የጉሙ ምንጭ በፀሐይ ብርሃን የሚለወጠው የመኪኖችና የነዳጅ ማጣሪያዎች ትነትና ጭስ መሆኑን አሳየ። ሁድሪም በመኪና ጭስና በሳንባ ካንሰር መካከል ሊኖር የሚችለው ዝምድና ያሳስበው ጀመር። በ1950 ገደማ ኦክሲ-ካታሊስት የተባለ አዲስ ኩባንያ በፔንሲልቬኒያ መሠረተ። ዓላማው አንድ ነበር፤ ጭሱ ከቱቦው ሳይወጣ በፊት መርዙን ማጥፋት።

ሐሳቡ ለመግለጽ ቀላል ነው። ከሞተር የሚወጣው ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድና በደንብ ያልተቃጠለ ቤንዚን ይዟል። ሁለቱም ኦክስጅን ቢያገኙ ሊቃጠሉ የሚችሉ ናቸው፤ ነገር ግን ቱቦው ውስጥ ለዚያ የሚበቃ ሙቀትም ጊዜም የለም። ሁድሪ በስሱ አሉሚናና ፕላቲነም የተቀቡ የሸክላ ዘንጎችን በብረት ቋት ውስጥ ደረደረ። ጭሱ በመካከላቸው ሲያልፍ ካታሊስቱ ቃጠሎውን ይጨርሰዋል። መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል፤ ያልተቃጠለው ነዳጅ ደግሞ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ወደ ውኃ እንፋሎት። በ1956 ለዚህ ሥራው የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተሰጠው።

መሣሪያው በእርግጥ ሠራ። በመጋዘን ውስጥ ዕቃ በሚያነሱ ፎርክሊፍቶች ላይ ተገጥሞ፣ በተዘጋ ቤት የሚውሉ ሠራተኞችን ከጭስ ታድጓል። በጎዳና መኪኖች ላይ ግን ሊውል አልቻለም። ምክንያቱ ቤንዚኑ ነበር።

መርዝ የሆነው እርሳስ

በ1921 የጄኔራል ሞተርስ መሐንዲስ የነበረው ቶማስ ሚጅሊ፣ ከእርሳስ የተቀመመ ኬሚካል በቤንዚን ላይ ጠብ ሲደረግ ሞተር ማንኳኳቱን እንደሚያቆም ደርሶበት ነበር። ሁድሪ በካታሊስት የደከመበትን ችግር ሚጅሊ በርካሽ መርዝ ፈታው ማለት ይቻላል። እርሳስ የሰውን አንጎልና ነርቭ እንደሚጎዳ ግን ቀድሞም ይታወቅ ነበር። በ1924 በኒው ጀርሲ ይህንኑ ኬሚካል ሲያመርቱ የነበሩ ሠራተኞች አእምሯቸው ተቃውሶ ሞተዋል። ይሁን እንጂ እርሳስ ያለበት ቤንዚን ዓለምን ከመሙላት የገታው አልነበረም።

ለሁድሪ መሣሪያ ይህ የሞት ፍርድ ሆነ። ከጭሱ ጋር የሚወጣው እርሳስ በፕላቲነሙ ላይ እየተለበጠ ካታሊስቱን ያደነዝዘዋል። በማርከስ ሁክ እንደነበረው ጥላሸት በእሳት አቃጥለው የሚያስወግዱት አልነበረም። አንድ ሁለት ጊዜ ነዳጅ በስህተት መሙላት እንኳ መሣሪያውን ሊጎዳው ይችላል።

ዩጂን ሁድሪ ጁላይ 18 ቀን 1962 በ70 ዓመቱ በፔንሲልቬኒያ አረፈ። እስከ ዕለተ ሞቱ ኦክሲ-ካታሊስትን ይመራ ነበር። ፈጠራው በጎዳና በሚሄዱ መኪኖች ላይ በብዛት ሲገጠም ለማየት ግን አልታደለም።

ያንን ያመጣው ሕግ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1970 ባወጣው የንጹሕ አየር ሕግ፣ የመኪና አምራቾች ካርቦን ሞኖክሳይድንና ያልተቃጠለ ነዳጅን በ90 በመቶ እንዲቀንሱ አዘዘ። ለዚህ ከኮንቨርተር የተሻለ መንገድ አልተገኘም። ኮንቨርተሩ እንዲሠራ ደግሞ ከ1974 ጀምሮ የአሜሪካ ማደያዎች እርሳስ የሌለበት ቤንዚን እንዲያቀርቡ ተደረገ። አብዛኞቹ የ1975 ሞዴል መኪኖች ኮንቨርተር ይዘው ከፋብሪካ ወጡ። በዚያው አሥር ዓመት ማብቂያ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የተባሉትን ጋዞች ጭምር የሚያጸዳ፣ በኦክስጅን ሴንሰር የሚታገዝ የተሻሻለ ዓይነት መጣ። ዛሬ የቤንዚን መኪኖች የሚጠቀሙት የዚህን ዝርያ ነው።

ከናይሮቢ የተመራው ዘመቻ

አፍሪካ ግን ቆይታለች። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በአብዛኛው የአህጉሩ ክፍል የሚሸጠው ቤንዚን እርሳስ ነበረበት። ከጃፓንና ከአውሮፓ ኮንቨርተር ተገጥሞላቸው የሚመጡ ያገለገሉ መኪኖች እዚህ ሲደርሱ የመጀመሪያው ቤንዚን ማጽጃቸውን ያበላሸው ነበር። መካኒኮች ኮንቨርተርን እንደማያስፈልግ ዕቃ መቁጠር የለመዱት በከንቱ አልነበረም። በዚያ ቤንዚን በእርግጥም ጥቅም የማይሰጥና ቱቦ የሚዘጋ ነገር ሆኖ ነበር።

ይህን የለወጠው ዘመቻ የተመራው ከናይሮቢ ነው። በ1972 የተመሠረተው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ዋና መሥሪያ ቤቱ በናይሮቢ ጊጊሪ ይገኛል። ድርጅቱ በ2002 መንግሥታትን፣ የነዳጅና የመኪና ኩባንያዎችን ያቀፈ የንጹሕ ነዳጅና ተሽከርካሪ ጥምረት አስተባበረ። ከ2006 መግቢያ ጀምሮ ከሰሃራ በታች ያሉ አገራት እርሳስ ያለበትን ቤንዚን መሸጥ አቆሙ። በ2021 የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ስታቆም ድርጅቱ የእርሳስ ቤንዚን ዘመን ማክተሙን ከናይሮቢ አበሰረ። ይህ እርምጃ በዓመት ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ያለ ዕድሜ የሚከሰቱ ሞቶችን እንደሚያስቀር ገምቷል።

ሌላው የካታሊስት ጠላት ሰልፈር ነው። ከ2015 መግቢያ ጀምሮ ኬንያና የምሥራቅ አፍሪካ ጎረቤቶቿ በናፍጣ ውስጥ የሚፈቀደውን ሰልፈር በሚሊዮን ወደ 50 እጅ ዝቅ አድርገዋል። የሁድሪን መሣሪያ በሕይወት ሳለ ያሸነፈው የነዳጅ ችግር፣ ከሞተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በኪሪንያጋ ጎዳና ደጃፍ ተፈታ። የቀረው የጋራዡ ልማድ ነው። ነዳጁ ሲጸዳ ማጽጃው መቆረጡን ቀጠለ።

ጉልበት ከየት ይመጣል?

የናይሮቢ ባለመኪኖች ጉልበት ፍለጋ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ አየሩ በሞምባሳ ካለው 15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ የሚተነፍሰው አየር ያንሰዋል፤ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ኬንያ ከ1953 ጀምሮ የሳፋሪ ራሊ አገር ናት። በቀለምና በሙዚቃ የተሽቆጠቆጡት ማታቱዎች፣ የወጣቶቹ ሱባሩዎች፣ ሁሉም ከሩቅ በድምፃቸው መታወቅን ይወዳሉ።

የጭስ ማውጫ ማሻሻልም በራሱ ጥፋት አይደለም። ሞተር እንደሚተነፍስ ፍጡር ነው፤ ያገለገለውን አየር በቀላሉ ካስወጣ አዲሱን በቀላሉ ያስገባል። ጥያቄው መታፈኑ የት ነው የሚለው ነው። ጤናማና ዘመናዊ ኮንቨርተር ከሞተሩ የሚወስደው ጉልበት ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ ጭሱን የሚያፍነው የዛገ ማርሚታ፣ በመታጠፊያው የተጨማደደ ቱቦ ወይም የተደፈነ አሮጌ ኮንቨርተር ነው። ኮንቨርተር ደግሞ በራሱ አይደፈንም። ሞተሩ ዘይት ሲያቃጥል ወይም ካንዴላ ሳይተኩስ ሲቀር ያልተቃጠለው ነዳጅ ወደ ቋቱ ገብቶ በኃይል ይነዳል፤ የውስጡን የሸክላ ወንፊት ያቀልጠዋል። ቋቱን ቆርጦ ማውጣት ምልክቱን ያስወግዳል፤ ሕመሙ ግን ከሞተሩ ጋር ይቀራል።

ስለዚህ ሕግን ሳይጥስ ጉልበት የሚሻ ባለመኪና መጀመሪያ የሞተሩን ጤና ያስመረምራል። ቀጥሎ ኮንቨርተሩን በቦታው ትቶ ከእርሱ በኋላ ያለውን ክፍል፣ ማለትም ቱቦውንና ማርሚታውን፣ በተሻለ ስፋትና ለስላሳ መታጠፊያ ባለው ይለውጣል። ስፋት ሲበዛ ግን ሁልጊዜ ጥቅም አይሆንም፤ ከልክ ያለፈ ሰፊ ቱቦ መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ያለውን ጉልበት ሊቀንስ ይችላል። ቱርቦ ባላቸው መኪኖች ላይ ኮንቨርተሩ ለቱርቦው ቅርብ ስለሆነ በእርግጥ ማነቆ ከሆነ፣ በውስጡ ሰፋ ያሉ ቀዳዳዎች ያሉትና የልቀት ደረጃ ማረጋገጫ ያለው ሌላ ኮንቨርተር መተካት ይቻላል። ባዶ ቱቦ ግን ምትክ አይደለም።

የኦክስጅን ሴንሰሮቹም በቦታቸው መቆየት አለባቸው። የፊተኛው ለኮምፒውተሩ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚረጭ ይነግረዋል፤ የኋለኛው ኮንቨርተሩ ሥራውን መሥራቱን ይቆጣጠራል። ኮንቨርተሩ ሲወጣ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት ይበራል። መብራቱን ለማጥፋት ሴንሰሩን ከቱቦው አርቆ በማሰር የማታለል ዘዴ በጋራዦች የታወቀ ነው። ነገር ግን የሚታለለው ኮምፒውተሩ ብቻ ነው፤ ጭሱ ያው ጭስ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል?

የኬንያ ሕገ መንግሥት በ2010 ሲጸድቅ በአንቀጽ 42 ለእያንዳንዱ ሰው ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት ሰጥቷል። ከዚያ በፊት በ2006 ከነዳጅ የሚወጣ ልቀትን፣ በ2009 ደግሞ ከልክ ያለፈ ድምፅንና ንዝረትን የሚመለከቱ ደንቦች ወጥተው ነበር። በ2014 የአየር ጥራት ደንብ ተጨመረ። ስለዚህ በናይሮቢ የጭስ ማውጫውን የሚያሻሽል ሰው ሁለት ወሰኖችን መጠበቅ ይኖርበታል፤ አንዱ የጭሱ ንጽሕና፣ ሌላው የድምፁ ልክ።

ኬንያ ከስምንት ዓመት በላይ ያገለገሉ መኪኖችን እንዳታስገባ የሚከለክል ደረጃም አላት። ወደ አገሪቱ የሚገቡት አብዛኞቹ የቤንዚን መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ማጽጃቸው ተገጥሞላቸው ነበር ማለት ነው። በኢንዱስትሪያል ኤሪያ፣ በሊኮኒ መንገድ ባለው የተሽከርካሪ መመርመሪያ የሚያልፉት በዋናነት የሕዝብና የንግድ ተሽከርካሪዎች ናቸው። በሌሎቹ ላይ የሕጉ ጥበቃ የሚላላው ከጉምሩክ በኋላ፣ ከጋራዡ በር ጀምሮ ነው።

ነገሩ ለአዲስ አበባም እንግዳ አይደለም። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው ከተማ፣ አየሩ ከናይሮቢም የሳሳ ነው፤ ዕድሜ ጠገብ መኪኖችም በየመንገዱ አሉ። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላ ፊቷን ወደ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች አዙራለች። ቀድሞ የገቡት ግን ገና ለብዙ ዓመታት ይነዳሉ። የእነርሱ ጭስ ጉዳይ የሚወሰነው በየሰፈሩ ጋራዥ፣ በባለመኪናውና በመካኒኩ መካከል ነው።

አሜሪካ በ1990 ሁድሪን በብሔራዊ የፈጣሪዎች የክብር መዝገብ አስፍራዋለች። የቤንዚን ማምረቻ ዘዴው በተሻሻሉ ዘዴዎች ተተክቷል፤ ጭስ ማጽጃው ግን መልኩን ቀይሮ በዓለም ዙሪያ በሚነዱ እጅግ ብዙ መኪኖች ሥር ይገኛል። አንድ ሰው በወጣትነቱ ሞተር እንዲበረታ ደከመ፤ በሽምግልናው ደግሞ የሞተር ጭስ ሰው እንዳይጎዳ ደከመ። አንዱ ድካም ሌላውን አላፈረሰም። መሣሪያው ግን እንደማንኛውም መሣሪያ የሚሠራው ከመኪናው ሥር እስካለ ድረስ ብቻ ነው።